«ጥሩ ነው» ከሚለው መልስ ማለፍ፦ ስለ አዳማ የንፋስ ተርባይኖች እይታ ሰው እንዴት ይጠየቃል

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን በመጣ ቁጥር አንድ ሁለት ተማሪ ይደውልልኛል። አዳማ ነዋሪ ስለሆንኩ፣ እና ከዚህ በፊት ተርባይኖቹ የቆሙበት ሸንተረር ላይ መጠይቅ ይዤ ስለዞርኩ ነው። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፣ ሰው ስለ ተርባይኖቹ መልክ ምን እንደሚያስብ ማወቅ እንፈልጋለን፣ ጋራውን አበላሹት ይላል ወይስ አሳመሩት ይላል፣ ከየት እንጀምር? በስልክ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ተማሪ ላልሆነም ይሆናል፣ አዲስ ፕሮጀክት ሊመጣ ነው ተብሎ ሕዝብ እንዲያወያይ የተላከ የወረዳ ባለሙያም ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ።

ስለምን እንደምናወራ ልናገርና ልለፍ። አዳማ አንድ የሚባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይን ነው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት፣ በጠቅላላ 51 ሜጋዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያለቀ። አዳማ ሁለት 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ያለቀ። ሲደመር 136 ነጭ ምሰሶ ማለት ነው። የክንፎቹ ክብ 77 ሜትር ስፋት አለው፣ ምሰሶው ከ65 እስከ 70 ሜትር ነው፣ ስለዚህ አንዱ ክንፍ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲያይ ከመሬት እስከ ጫፉ ከ100 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገድ ስትመጡ አዳማ መድረሳችሁን የሚነግራችሁ ከሕንፃዎቹ በፊት እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። እዚህ አገር ስለ እይታ ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ «ጥሩ ነው» ነው። በቃ። እኛ የመጀመሪያ ቀን የወጣን ጊዜ ሊከርት ስኬል ያለው ወረቀት ይዘን ነበር፣ «በጣም እስማማለሁ» «እስማማለሁ» ምናምን የሚለው፣ ማታ ቁጭ ብለን ስናየው ሁሉም ሰው በሁሉም ጥያቄ ተስማምቷል። ተርባይኖቹ ለአካባቢው ውበት ጨምረዋል ለሚለውም ተስማምቷል፣ የአካባቢውን የተፈጥሮ ገጽታ ቀይረዋል ለሚለውም ተስማምቷል፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር የሌላው ተቃራኒ ሆኖ የተቀመጠበት ቦታ ላይም ተስማምቷል። ያን ቀን የሞላነውን በሙሉ ጣልነው።

ሰው ዋሽቶን አይደለም። ቦርሳ ያዘለ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ደጃፋችሁ ቢመጣና መንግሥት ስለሠራው ነገር ምን ይሰማዎታል ቢል እናንተስ ምን ትላላችሁ? ይሉኝታ አለ፣ እንግዳ ማስከፋት ነውር ነው፣ ደግሞም ይሄ ሰው ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል፣ የካሳ ነገር ይሆናል፣ የመብራት ነገር ይሆናል፣ የተሳሳተ ነገር ተናግሬ የሚመጣውን ላስቀር ነው እንዴ ይላል። ስለዚህ ጥሩ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ይሄንን አንድ ቃል እንዴት እንደምታልፉት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ደብዳቤ ያዙ። ከተቋማችሁ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዛ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ይሄ ቀናት ይፈጃል፣ ፕሮፖዛላችሁ ላይ አንድ ሳምንት ለብቻው ያዙለት። ማመንጫው ግቢ ውስጥ ለመግባትና ቀረብ ብሎ ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ ጥበቃዎቹ ዝም ብለው አያሳልፏችሁም ልክም ናቸው። ድሮን ያለ ፈቃድ በፍጹም አትሞክሩ። ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆናችሁ የምታዩት ለዚህ ሥራ በቂ ነው፣ እንደውም የተሻለ ነው ምክንያቱም የምታጠኑት ሰው የሚያየውን እንጂ ኢንጂነሩ የሚያየውን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኦሮምኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ከተማ ውስጥ በአማርኛ ይሄዳል፣ ሸንተረሩ ላይ ያለው ገበሬ ግን አማርኛ ቢችልም እንኳ ስለ መሬቱ መልክ የሚያወራው በራሱ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ስትጠይቁት «ጥሩ ነው»፣ በኦሮምኛ ስትጠይቁት መጀመሪያ «ጋሪ ዳ»፣ ያው እሱም ጥሩ ነው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ግን ከሱ በኋላ ወሬው አይቆምም። አስተርጓሚ ብላችሁ አትውሰዱት፣ ጠያቂ ብላችሁ ውሰዱት፣ ወረቀቱን እሱ ይያዝ፣ እናንተ ቡና ጠጡ።

ስለ ቡና ካነሳሁ ይቺን ልንገራችሁ። አንድ እናት ቤት ገባን፣ ቤታቸው ከአንዱ ተርባይን በስተምዕራብ ነው፣ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። አቦሉን እየጠጣን ጠየቅናቸው፣ ጥሩ ነው ልጄ አሉ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፣ ተስፋ ቆርጬ ነው እንጂ ዘዴ አውቄ አይደለም። ቶናው ሲመጣ ጓደኛዬ ዝም ብሎ «እሱ ሳይኖር እዛጋ ምን ነበር የሚታየው?» አላቸው። ተነሱ፣ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው አሳዩን። እዛ ጋ ግራር ነበረች፣ ፀሐይ ከሷ ጀርባ ስትወጣ ነው ልጆቹን ለትምህርት የምቀሰቅሰው የነበረው አሉ። አሁንስ? አሁን ጠዋት ጠዋት ጥላው ግድግዳዬ ላይ ይሄዳል አሉ፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ እያወዛወዙ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አሳዩን፣ መጀመሪያ ሰሞን ጥጃዋ ትደነግጥ ነበር አሁን ለመደች። ከዛ ቀጠሉ፣ ፊቱን ሲያዞር ግን ንፋሱ መዞሩን አውቃለሁ፣ እህል ሳበጥር በሱ ነው የማየው አሉ። በረካው እስኪመጣ ድረስ ያወሩን ከሰማንያ ጥያቄ ወረቀት በላይ ነው፣ እና ልብ በሉ፣ ጥሩ ነው ያሉትም ውሸት አልነበረም። ግራሯን ያጡት፣ ጥላው የሚረብሻቸውና ንፋስ የሚያዩበት አንድ ሴት ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ያምራል ወይ» አይሁን። «በፊት እዛ ምን ይታይ ነበር» ይሁን። ይሄ ጥያቄ ትክክልና ስህተት መልስ የለውም፣ ማንንም አያስከፋም፣ ሰውየውን አዋቂ እናንተን ተማሪ ያደርጋችኋል። ከዛ «አሁንስ ከበርህ ስትወጣ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው የት ነው» በሉት። ከዛ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ ይነሳ ብትባል የቱን ታስነሳለህ፣ ለምን» በሉት። ይቺ ሦስተኛዋ ብዙ ታወጣለች፣ ምክንያቱም ሁሉም ጥሩ ነው ያለ ሰው እንኳ ጣቱን ወደ አንዷ ይቀስራል። ቤቱ ላይ የምታፈጠው አንዷን።

የቃል ነገር። ፕሮፖዛላችሁ ላይ «የእይታ ተፅዕኖ» እና «መልክዓ ምድር» ብላችሁ ጽፋችኋል፣ አድቫይዘራችሁም እሱን ነው የሚፈልገው፣ ይሁን። ደጃፍ ላይ ግን ሁለቱንም ቃል አውጡ። ተፅዕኖ ያላችሁ እንደሆነ ሰው ጉዳት ነው የሚሰማው፣ ጉዳት የሰማ ሰው ደግሞ ካሳ ያስባል። መልክዓ ምድር ያላችሁ እንደሆነ የጂኦግራፊ ፈተና ይመስለዋል። ጋራው በሉ፣ ሸንተረሩ፣ ማዶው፣ ከደጅህ ስታይ በሉ። የሚመልሱላችሁንም ቃል እንዳለ ጻፉ፣ ወደ «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» ወዲያው አትቀይሩት። ደስ ይላል ማለት ያምራል ማለት አይደለም። ግርማ አለው ማለት ሌላ ነው፣ ግርማ ያለው ነገር ትንሽ ያስፈራልም። «ዓይን ይስባል» የሚል ሾፌር አጋጥሞኝ ነበር፣ ማመስገኑ መስሎኝ ጻፍኩት፣ ኋላ ስጠይቀው ለካ መንገድ ላይ ሐሳቤን ይወስድብኛል ማለቱ ነው። አንድ ቃል ስትሰሙ «እንዴት ማለት?» የምትለዋን አትርሱ።

ከሁሉም በላይ የምትሰሙት ግን «ለመድነው» ነው። ለመድነው የሚለውን ጥሩ ውስጥ የሚደምሩ ሪሰርቾች አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ደስ የሚለውንም ይለምዳል፣ የሚያመውንም ይለምዳል። ለብቻው ቁጠሩት፣ ከተቻለ ደግሞ «ለመልመድ ስንት ጊዜ ወሰደባችሁ» በሉ። ወዲያው ነው የሚልና ሁለት ክረምት የሚል ሰው አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ማርተን ወልሲንክ ለብዙ ዓመት ይሄን ጉዳይ ያጠና ሰው ነው፣ የሰው ስሜት የዩ ፊደል ቅርጽ አለው ይላል። ፕሮጀክቱ ገና ወሬ ሳይሆን ሰው ንፋስ ኃይልን ይደግፋል፣ የት እንደሚተከል ሲታወቅ ድጋፉ ይወርዳል፣ ከተተከለና ሥራ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ለእናንተ ምን ማለት ነው፣ አዳማ ላይ አሁን የምትጠይቁት ከዩው በቀኝ በኩል ያለውን ሰው ነው፣ ከአስር ዓመት በላይ አብሮት የኖረውን። አርሲ ውስጥ ኢተያ አካባቢ ግን ሌላ ነው፣ አሰላ የሚባለው የንፋስ ፕሮጀክት 29 ተርባይን ይዞ 100 ሜጋዋት ነው፣ አንዷ ከአዳማዋ ከእጥፍ በላይ ኃይል አላት፣ መጠኗም በጣም ይበልጣል፣ እዛ ያለው ሰው ያየው ነገር ገና ትኩስ ነው። የሁለቱን ቦታ መልስ አንድ ላይ ደምሮ አማካይ ማውጣት ትርጉም የለውም። ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ግን በጣም ጥሩ ሥራ ይወጣዋል፣ ብዙ ትናንሽ ይሻላል ወይስ ጥቂት ትላልቅ የሚለውን ሁለቱንም ያየ ሰው፣ ለምሳሌ የአዳማ አሰላ መስመር ሾፌር፣ ይመልስላችኋል። ሥዕል አሳይቶ ከመጠየቅ በስንት ጣዕሙ።

ያው ወልሲንክ የሚለው ሌላ ነገር፣ የሚቃወም ሰውን ሁሉ «ጓሮዬ አይተከል የሚል ራስ ወዳድ» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፣ ሰው የሚመዝነው የአካባቢውን መልክ እና ነገሩ በፍትህ መደረጉን ነው። ይሄ ወደ ካሳ ይወስደናል። መማሪያ መጽሐፎቹ ከርዕስ እንዳትወጡ ይላሉ፣ እኔ ግን ስለ ካሳና ስለ መብራት የጀመረ ሰው አታቋርጡ ነው የምለው። የሽቦው መስመር በራሴ ላይ አልፎ እኔ በኩራዝ ነው የማመሸው የሚል ሰው ካለ፣ እሱን ሳትሰሙ ስለ ጋራው ውበት ብትጠይቁት መሳደብ ነው። መጀመሪያ ይሄን አውጥቶ ይጨርስ፣ ጻፉለት፣ ስትጽፉለት ይየው። ከዛ «እሺ፣ ካሳው በአግባቡ ተከፍሎህ መብራቱም ቤትህ ገብቶ ቢሆንስ ኖሮ፣ ያኔ ይሄን ማዶ ስታይ ምን ይሰማህ ነበር?» በሉት። የሚገርመው ሁለት ዓይነት ሰው ይወጣል፣ አንዱ ያኔማ ያምረኝ ነበር ይላል፣ ሌላው ያኔም ቢሆን ይላል። ይሄ «ያኔም ቢሆን» የሚለው ነው እውነተኛ የእይታ ቅሬታችሁ። ሌላው የፍትህ ቅሬታ ነው፣ እሱም ይጻፍ፣ ግን በስሙ ይጻፍ።

አሁን ርቀት። ሰው ሁሉ ቅርብ ነው ሩቅ ነው ይላችኋል፣ እናንተ ግን መለካት አለባችሁ፣ ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ ጣታችሁን አግድም አድርጉት፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ። ከምሰሶው እግር እስከ ቆመው ክንፍ ጫፍ በትንሿ ጣት ውፍረት ልክ ከተሸፈነ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ናችሁ። አውራ ጣት ከፈለገ ወደ 3 ኪሎ። ሙሉ ጡጫ የሚያክል ከሆነ 600 ሜትር አካባቢ ናችሁ ማለት ነው። ይሄ ለአዳማዎቹ ቁመት ነው፣ ለሌላ ቦታ እንደ ቁመቱ ይቀየራል። ትክክለኛውን ርቀት ኋላ ሎኬሽናችሁን ካርታ ላይ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ፣ የጣቱ ጥቅም ግን ሌላ ነው፣ ካርታ ርቀትን እንጂ ዓይን ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አይነግራችሁም፣ ደግሞ መላሹም ከእናንተ ጋር እየዘረጋ ይለካል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ወሬው ይሞቃል። ወረቀታችሁ ላይ «ጡጫ፣ አውራ ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ ከዛ በታች» የሚል ሳጥን ይኑር። እንደ ባቫሪያ ያሉ ቦታዎች እኮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከቤት አስር እጥፍ ቁመት ይራቅ ብለው ሕግ አውጥተው ነበር፣ ዴንማርክ አራት እጥፍ ትላለች፣ ይሄን ያህል ልዩነት ያለው ነገር ስለሆነ «ቅርብ» የሚለውን ቃል ለማንም አትተዉት።

ጥላው ግን ለብቻው ይጠየቅ፣ ከእይታ ጋር አይደባለቅ። እኛ ከምድር ወገብ ሩቅ ስላልሆንን ፀሐይ ቀን ቀን አናት ላይ ናት፣ ረጅም ጥላ የሚኖረው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚዞረው ጥላ የሚደርሰው በአብዛኛው ከተርባይኑ ምሥራቅና ምዕራብ ላሉ ቤቶች ነው። በሰሜንና በደቡብ ያለ ጎረቤት ስለምን እንደምታወሩ ላይገባው ይችላል፣ ውሸት ነውም ሊላችሁ ይችላል። ጀርመኖች ለዚህ ገደብ አላቸው፣ አንድ ቤት ላይ በዓመት ከ30 ሰዓት በቀን ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ። እናንተም «ጥላው በየትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ የቱ ግድግዳ» ብላችሁ ጠይቁ። እናቶች ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ ልብስ ያሰጡበታልና።

ሰዓትም ይቀይረዋል። ከከተማው ሆናችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሸንተረሩ እዩ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለሆነች ተርባይኖቹ ነጭ ብለው ጥርት ብለው ይቆጠራሉ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳችሁ ከዛው ቦታ እዩ፣ ፀሐዩ በነሱ በኩል ስለምትወርድ ጥቁር እንጨት መስለው ነው የሚታዩት። በጋ ላይ አቧራው ሲነሳ ደግሞ ከነጭራሹ ግማሹ ይጠፋል። አንዱን ሰው ጠዋት አንዱን ማታ ከጠየቃችሁ ሁለት የተለያየ ነገር እያዩ ነው የመለሱላችሁ። ወይ ሰዓቱን አንድ አድርጉ፣ ወይ ሰዓቱንና አየሩን ጻፉ። እየዞረ ነበር ወይስ ቆሟል የሚለውንም ጻፉ። የቆመ ተርባይን ሰውን ያናድዳል፣ ካሊፎርኒያ አልታሞንት ፓስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሺ የሚቆጠሩ ትናንሽ ተርባይኖች ሲደረደሩም ከተማረረባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር፣ ጋራውን ይዞ ሥራ የማይሠራ ነገር። እኛም ጋ «ዛሬ ሰባቱ ቆመዋል» እያለ ከቤቱ ሆኖ የሚቆጥር ሽማግሌ አለ፣ እንደ ራሱ ከብት።

ፎቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያጭበረብራል። የስልክ ካሜራ ዝም ብላችሁ ስታነሱበት ሰፊ ነው የሚያየው፣ ጋራው ዝቅ ይላል ተርባይኑ ክብሪት ያክላል። በጣም ዙም ካደረጋችሁት ደግሞ ከተማው ላይ የተደፋ ያስመስለዋል። ሁለት እጥፍ ዙም ላይ አድርጉት፣ እሱ ለዓይን እይታ ቀረብ ይላል፣ ኤ ፎር ሙሉ ወረቀት ላይ በአግድም አሳትሙት፣ መላሹ ከዓይኑ ወደ 40 ሳንቲም አርቆ ይያዘው። በስልክ ስክሪን አታሳዩ፣ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ትንሽና ቆንጆ ነው። እና ከተቻለ ፎቶውን አንስታችሁ እዛው ቦታ ላይ ቁሙና «ይሄ ፎቶ ከምታየው ጋር አንድ ነው?» በሉ፣ አይደለም ካሉ ፎቶው ነው የተሳሳተው።

ማንን ትጠይቃላችሁ? ጎግል ፎርም ሠርቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ቀላል ነው፣ የምታገኙት ግን ፍራንኮ ካፌ ቁጭ ብሎ ተርባይኑን ለፕሮፋይል ፎቶ የሚፈልገውን ወጣት ብቻ ነው። እሱም መልስ አለው፣ ግን አንድ መልስ ነው። ሸንተረሩ ላይ የሚያርሰው፣ ከተማ ጫፍ አዲስ ሰፈር ቤት የሠራው፣ በየቀኑ በመንገዱ የሚመላለሰው፣ ከወንጂ በኩል አሻግሮ የሚያየው፣ እነዚህ ለየብቻ ይቆጠሩ። ገበሬው ቤት ስትሄዱ አባወራው ብቻ ቀርቦ ይመልስላችኋል፣ ሚስቱን ለብቻ ጠይቁ፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ያለችው እሷ ናት። እና ልጆቹን አትርሱ። አዳማ አንድ ሲያልቅ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፣ እሱ ባዶ ጋራ አይቶ አያውቅም። ወረቀትና ከለር ስጡትና ሰፈርህን ሳል በሉት። አንዷ ልጅ ስትስል አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ጋራውን፣ ከዛ ሦስት ምሰሶ፣ ከዛ ቤት፣ ፀሐይን የሳለችው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቦታ ስላጣች ሁለት ክንፍ መሃል ከተተቻት። በፊት ምን ነበር ብላችሁ ብትጠይቋት ጥያቄው አይገባትም። ለሷ ተፅዕኖ የሚባል ነገር የለም፣ አገሯ እንደዛ ነው።

የውጭ መጠይቅ ተርጉማችሁ እንዳትጠቀሙ። እነሱ የሚጠይቁት የቤት ዋጋ ቀነሰ ወይ፣ ቱሪስት ቀረ ወይ፣ ከባሕር ዳር ቤቴ አድማሱ ተበላሸ ወይ ነው። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ላይ ኬፕ ዊንድ የሚባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2001 ቀርቦ በ2017 የተተወው፣ ሌላም ምክንያት ቢኖረውም ከዋነኞቹ አንዱ የባሕሩ እይታ ነው። የእኛ ሰው ጭቅጭቅ እዛ ላይ አይደለም። ግን አንድ ታሪክ ውሰዱ። ኮፐንሃገን ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ሚድልግሩንደን ሲታቀድ 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር የታሰበው፣ ሕዝቡ ተጠይቆ እንዲህ ከሆነማ አያምርም ሲል 20 ሆነው በአንድ የታጠፈ መስመር ተሰለፉ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ተተከሉ፣ በሺ የሚቆጠሩ የከተማው ሰዎችም ባለድርሻ ናቸው። ሰው ስለ እይታ የተናገረው ነገር የመስመሩን ቅርጽ ቀየረ ማለት ነው። እኛም ጋ ሊቀየር የሚችል ነገር ስላለ ነው የምትጠይቁት፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ «ቀጣዩን አንተ ብታስተክል የት ታደርገዋለህ፣ በመስመር ወይስ በተን አድርገህ» የሚል ጥያቄ አስገቡ። ሰው ዱላውን አንስቶ መሬት ላይ ይስላል፣ ፎቶ አንሱት።

ዳታውን ስታጠናቅሩ አማካይ 3.8 ወጣ ብላችሁ እንዳትጨርሱ እለምናችኋለሁ። በጣት ልኬቱ፣ በአቅጣጫው፣ ካሳ ባገኘና ባላገኘ ለዩት፣ «ያኔም ቢሆን» ያሉትን ለብቻ፣ «ለመድነው» ያሉትን ለብቻ። የሰዎቹን ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም እንዳለ አስገቡት፣ ትርጉሙን ከሥሩ አድርጉ።

ከዛ ተመለሱ። ይሄን ማንም አያደርገውም፣ ሰውም ያውቃል፣ «ትጽፉና ትሄዳላችሁ» ይላችኋል በግልጽ። ውጤቱን አንድ ገጽ አድርጋችሁ ለቀበሌው ስጡ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳትማችሁ ለየቤቱ ውሰዱ። እኔ ለእኚያ እናት የበራቸውን ፎቶ ወስጄላቸው ነበር፣ ጋራውና ተርባይኑ ያለበትን። አገላብጠው አዩት፣ ከዛ ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አድርገው ግራሯ እዚህ ጋ ነበረች፣ ጻፍበት አሉኝ። በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ «ግራር» ብዬ ጻፍኩበትና ግድግዳው ላይ፣ ጥላው በማይደርስበት በኩል፣ ሰቀሉት።